ድንኳኑ ወዲያ፣ ስንቁ ወዲህ

ሁሉም ድንኳኑን ነቅሎ፣ ቦርሳውን አዝሎ በጉሙ ውስጥ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ይበልጣል ጢሙን ይላጭ ነበር። ትንሽ መስተዋት ከጅብራ ግንድ ላይ በክር አንጠልጥሏል። ጉሙ መስተዋቱን ባለበሰው ቁጥር በክርኑ ጠረግ ያደርገዋል፤ ከዚያ አገጩን ሽቅብ ሰቅሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ምላጩን በአንገቱ ላይ ቀስ አድርጎ ይስበዋል። ሙሽራ እንኳ በሠርጉ ጠዋት እንዲህ አይጠነቀቅም።

ወይንሸት ከጀርባው ቆማ ትመለከተዋለች። ከዝናብ ልብሷ ቆብ ጫፍ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

«ይበልጣል፣ ልጆቹን በረዳቸው።»

«ጨረስኩ ወይኒ። ይቺን ብቻ» አለና ያልተላጨች ጉንጩን በምላሱ ከውስጥ ገፋ አድርጎ በመስተዋቱ አሳያት።

«ይቺን ብቻ» የምትለው ቃል ከጎንደር ከተነሱ ጀምሮ አብራቸው እንደምትጓዝ አንድ ተጨማሪ ሰው ሆናለች። መኪናው ፒያሳ ቆሞ ሲጠብቃቸው «አዘዞ አንዲት ድንኳን አለችኝ፣ ይቺን ብቻ ላምጣ» ብሎ በተቃራኒው አቅጣጫ ሄደና ረፋዱ ላይ ተመለሰ። አምባ ጊዮርጊስ ሲደርሱ «ይቺን ትኩስ ዳቦ ብቻ» ብሎ ወረደ። ደባርቅ ላይ የድሮ ጓደኛ አገኘና «ይቺን ሻይ ብቻ» አለ። የመጀመሪያውን ቀን ድንኳን የተከሉት በዚህ ምክንያት በዝናብ ውስጥ እየተደናበሩ ነው።

ወይንሸት ጎንደር ውስጥ ጂኦግራፊ ታስተምራለች። ይበልጣል የሰፈሩ የመረብ ኳስ አሰልጣኝ ነው። የሰፈሩን ወጣቶች በክረምት ሰብስቦ ተራራ የማውጣቱ ሐሳብ የእሱ ነበር፤ የሐሳቡ ጣጣ ግን እንደተለመደው የእሷ ሆነ። እሱ በየቤቱ እየዞረ «ተራራ ልጅን ሰው ያደርጋል» እያለ ወላጅ ሲያሳምን፣ እሷ ድንኳን ተዋሰች፣ መድኃኒት ሸመተች፣ ምስር ለቀመች። ክረምት ለዚህ ነገር እንደማይሆን ነግራው ነበር። «ታዲያ ትምህርት ቤት የሚዘጋው መቼ ነው?» ብሎ መለሰላት። ፍልሰታ መሆኑንም አስታውሳው ነበር። እሱ ግን የቱና ቆርቆሮ በካርቶን ተሸክሞ ከተፍ አለ። ከልጆቹ አብዛኞቹ ጿሚዎች ናቸው፤ ካርቶኑ ሳይከፈት ተራራውን ወጥቶ፣ ሳይከፈት ሊወርድ ነው።

ከሁሉ የሚያበግናት ደግሞ ልጆቹ እሱን መውደዳቸው ነው። እሷ «ካልሲ ቀይሩ፣ ውሃ አፍሉ» ትላለች፤ እሱ ያስቃቸዋል። እሷን ይታዘዟታል፤ እሱን ይከተሉታል።

ከሚከተሉት አንዱ የራሷ ልጅ ነው። ወንድወሰን፣ ቤት ውስጥ ወንዴ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው። ከጎንደር ከተነሱ ወዲህ የማን ልጅ እንደሆነ የረሳ ይመስላል። መኪና ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ፤ ድንኳኑን ከይበልጣል ድንኳን ጎን ተከለ። እናቱ ስትጠራው የሚሰማት በሦስተኛው ነው፤ ይበልጣል ግን ገና «ወን» ሲል ከፊቱ ይገተራል። አሁንም የይበልጣልን ፎጣ በትከሻው ጥሎ፣ እንደ አሽከር ከጎኑ ቆሟል።

«ወንዴ፣ ካልሲህን ቀይረሃል?»

«ኧ።»

ይህ «ኧ» አዎ ይሁን አይደለም፣ ከዓመት ወዲህ መለየት ተስኗታል።

የዕለቱ እቅድ ቀላል ነበር። ከጓሳው ሜዳ ወርደው፣ ጥቁር ውሃ የሚባለውን ወንዝ ተሻግረው፣ ከማዶው መንደር አጠገብ ማደር። ጥቁር ውሃ ጠዋት ጠዋት የልጅ መጫወቻ ነው፤ ከጉልበት አያልፍም። ከሰዓት በኋላ ከላይ ከተራራው ሲዘንብ ግን ሳይታሰብ ይሞላል፤ የአካባቢው ሰው ከብቱን እንኳ የሚያሻግረው ይህን አስልቶ ነው። ስለዚህ ከቀትር በፊት መሻገር ግድ ይላል። ትናንት ይህን ስታስረዳው ይበልጣል ራሱን እየነቀነቀ አዳምጧታል። ራስ መነቅነቅ ይችልበታል።

በመጨረሻ ፊቱን ታጥቦ፣ መስተዋቱን በኪሱ ከትቶ «በሉ እንግዲህ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» ሲል፣ ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። ወይንሸት አልሳቀችም።

መንገዱ ቁልቁለት ነበር፤ ጭቃው ጫማ ይዞ አይለቅም። ጉሙ አንዳንዴ ገለጥ ሲል ጭላዳዎች ከገደሉ አፋፍ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ ይታያሉ፤ ዝናቡን ከቁም ነገር የቆጠሩት አይመስሉም። ብዙም ሳይሄዱ የትርንጎ ጫማ አፉን ከፈተ። ትርንጎ ለቀጭን ጭቃ እንኳ የማይሆን፣ ለጃን ተከል ሽርሽር የሚያምር ነጭ ሸራ ጫማ አድርጋ የመጣች ልጅ ናት። መነሻቸው ላይ ወይንሸት ጫማውን አይታ «ይሄ አይሆንም» ብላ ነበር። «ግዴለም፣ እንለምደዋለን» ያለው ይበልጣል ነው፤ እግሩ የእሱ ይመስል።

የሶሉ ግማሽ እንደ ምላስ ተንጠልጥሎ ሲያዩት ጭነታቸውን የምትሸከመው በቅሎ ባለቤት አያ አለነ ከኮርቻ ማበጃ እቃቸው መካከል ወስፌና ጠፍር አወጡ።

«ቁጭ በዪ ልጄ፣ እሰፋልሻለሁ። ሸጋ አይሆንም እንጂ ያደርስሻል» አሏት።

ወይንሸት ሰማዩን አየች። ከላይ በኩል፣ በተራራው ጫፍ ላይ፣ ጉሙ መጥቆር ጀምሯል።

«ይበልጣል፣ ግማሾቹን ይዘህ ቅደም። ከውሃው ዳር ጠብቁን። ሳንገናኝ ማንም እንዳይሻገር።»

«ታውቂኝ የለም እንዴ?»

«ስለማውቅህ ነው የምነግርህ።»

አያ አለነ የበቅሎዋን ልጓም ለወንዴ አቀበሉት። «በአፏ አትጎትታት፤ ተከተላት እንጂ፤ መንገዱን ታውቀዋለች» አሉት። ወንዴ ልጓሙን ይዞ፣ ፎጣው ገና ከትከሻው ላይ እንዳለ፣ ከይበልጣል ኋላ ቁልቁል ወረደ። ዘወር ብሎ እናቱን አላየም። እሷም ቸኩላ ስለነበር አልጠበቀችም።

ጫማው ተሰፍቶ፣ ትርንጎ ተነሥታ፣ እንደገና ወድቃ፣ እንደገና ተነሥታ ከወንዙ ሲደርሱ ከውሃው ዳር ማንም አልነበረም። የበቅሎ ኮቴና የጫማ ዱካ በጭቃው ላይ ቀጥ ብሎ መጥቶ ውሃው ውስጥ ይገባል። ከማዶ፣ ደረቅ ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ ይበልጣል እጁን ያውለበልባል።

የተናደደች ሰው አፍ የሚሞላው ቆይቶ ነው። ውሃው ገና ከጉልበት በታች ስለነበር ወይንሸት ልጆቹን እጅ ለእጅ አያይዛ ለማሻገር ደረደረቻቸው። ልዕልት ከፊት ሆነች። ልዕልት ትንሽ የምትናገር፣ የተናገረችውን የማትመልስ ልጅ ናት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አትቀምስም፤ ቢሆንም ከሁሉ ፈጥና የምትራመደው እሷ ነች። አንድ እግሯን ውሃው ውስጥ አስገብታ ሁለተኛውን ልታነሳ ስትል ከላይ በኩል የሆነ ድምፅ መጣ። ነጎድጓድ አይደለም። ብዙ ድንጋይ በአንድ ጊዜ ከመኪና ሲራገፍ የሚሰማ ዓይነት ነው።

«ውጪ» አለች ወይንሸት፣ የልዕልትን ቦርሳ ከኋላ አንቃ ስትስባት። ሁለቱም በጀርባቸው ጭቃው ላይ ወደቁ። ከዚያ ውሃው መጣ። መጀመሪያ ቅጠልና ጭራሮ፣ ቀጥሎ አረፋ፣ ቀጥሎ ቡና የመሰለ ድፍርስ እየተንከባለለ ወረደ፤ ቅድም ልዕልት የረገጠችው ድንጋይ ዓይናቸው እያየ ተዋጠ።

ወይንሸት ከጭቃው ተነሥታ ያለችበትን ማየት ጀመረች። ድንኳኑ ወዲያ፣ ስንቁ ወዲህ። ምድጃው ወዲያ፣ ክብሪቱ ወዲህ። ደረቁ ልብስ ወዲያ፣ የረጠቡት ልጆች ወዲህ። በቅሎዋ ወዲያ፣ ባለቤቷ ወዲህ። ልጇ ወዲያ፣ እሷ ወዲህ። አንድ ሰው ተቀምጦ ቢያስብበት እንኳ ይህን ያህል አጣምሞ ሊያካፍለው አይችልም።

«ለእኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስንቁ ወዲያም ቢሆን ግድ የለኝም» አለች ልዕልት፣ ጭቃውን ከጀርባዋ እያራገፈች።

አያ አለነ በዱላቸው ተደግፈው ማዶ ማዶውን ያያሉ። «ይቺ ውሃ እንዲህ ናት፤ ትመጣለች፣ ትሄዳለች። አሁን ትጎድላለች» አሉ። ውሃው ግን ሽማግሌውን ለማሳፈር ያህል ከፍ አለ። አሁን ትጎድላለች ያሉት ሦስት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ውሃው መናገራቸውን ትተው ስለ በቅሎዋ መጨነቅ ጀመሩ። «ልጓሟን ለቀውባታል። ምነው ልጓሟን ለቀቁባት?»

ወይንሸት ጮኸች። ጉሮሮዋ እስኪነድ ጮኸች። ይበልጣል እጁን ከጆሮው ኋላ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ፤ ድምፅ አይሻገርም። ከዚያ በሁለት እጁ የድንኳን ጣራ ሠርቶ አሳያት፤ ወደ እሷም ጠቆመ፤ አውራ ጣቱን አቆመ። ምን ማለቱ እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቀው። እሷ መዳፏን ወደ መሬት ደፍታ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች አደረገች፤ ተቀመጡ፣ አትንቀሳቀሱ፣ እስኪጎድል ጠብቁ ማለቷ ነው። ደጋግማ፣ እጇ እስኪዝል አደረገችው። ይበልጣል እንደ ልማዱ ራሱን ነቀነቀ።

በረዶው የጀመረው ያኔ ነው። ሽንብራ ሽንብራ የሚያህል በረዶ ይወርድባቸው ጀመር። ከዳር ካለ የአስታ ዛፍ ሥር ተጠጉ፤ አስታ ግን ጥላ እንጂ መጠለያ አይሆንም። ትርንጎ ተንቀጥቅጣ አለቀሰች። ወይንሸት የራሷን ሹራብ አውልቃ አለበሰቻት፤ የዝናብ ልብሷ ብቻ ቀራት። ስታወልቅ ስታለብስ የልጆቹ ድምፅ ሲለወጥ ሰማች።

ቀና ስትል ወንዴ ወንዙ ውስጥ ነበር።

ከበቅሎዋ ጭነት የተፈታውን መጫኛ ወገቡ ላይ አስሯል፤ ሌላውን ጫፍ ይበልጣል ከዳር ይዟል። በጀርባው ትንሿን ድንኳን ከነከረጢቷ አዝሏል። ውሃው ገና ከጭኑ ነው፤ መሐሉ ግን ገና ከፊቱ ነው። ከማዶ የቀሩት ልጆች ስሙን እየጠሩ ያጨበጭባሉ። እዚህ ያሉትም ከአስታው ሥር ወጥተው በረዶው ውስጥ ቆመው ያጨበጭባሉ። ሦስት ስልኮች ወደ እሱ ተቀስረዋል። ቅድም ታለቅስ የነበረችው ትርንጎ ሳትቀር እጇን ወደ ላይ ሰቅላለች።

ወይንሸት ከውሃው አፍ ድረስ ሮጣ «ተመለስ» ብላ ጮኸች። ወንዴ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ከእሷ በላይ፣ ከጀርባዋ ያሉትን አየ። ፈገግ አለ፤ አንድ እርምጃ ጨመረ።

ያን ፈገግታ ታውቀዋለች። ባለፈው ጥምቀት ቀሐ፣ ከመዋኛው ግንብ ላይ አይታዋለች። ጎረምሳው ሁሉ ወደተባረከው ውሃ ሲዘል ወንዴ ካናቴራውን አውልቆ ጠርዙ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሰው ከማየቱ በፊት እሷ ከሩቅ አየችው። ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ እግሩን ወደ ኋላ መልሶ ሊወርድ ምንም አልቀረውም። ከታች አንድ ሰው ስልኩን አንሥቶ «ዝለላት» ሲል ግን ዞር ዞር ብሎ የተመልካቹን ብዛት አየና፣ ፈገግ ብሎ፣ ተወረወረ። ያን ዕለት ወይንሸት ከተቆጣችው ይልቅ የታዘበችው ይበዛል። ይህ ልጅ ሲፈራ ወደ ኋላ ለመመለስ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንም እንዳያየው።

ወደ ልጆቹ ተመለሰች።

«ዙሩ» አለች። ድምፅዋ የክፍል ድምፅ ነበር፤ ከፍም ዝቅም አላለም። «ሁላችሁም ጀርባችሁን ስጡ። ስልኩን ክተቱ። ከዚያ ቋጥኝ ጀርባ ሂዱ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ቲቸር፣ ቢወድቅስ?» አለች ልዕልት።

«ዙሪ።»

«ልጅዎ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልዕልት። ዙሪ።»

ልዕልት አየቻት። ለመጀመሪያ ጊዜ ልትመልስላት ያሰበችውን ዋጥ አድርጋ፣ ትርንጎን በክንዷ ይዛ ዞረች። ሌሎቹም አንድ አንድ እያሉ ተከተሉ። ወይንሸት ከኋላቸው ሆና እየገፋች፣ የሚዞረውን አንገት በመዳፏ እየመለሰች ከቋጥኙ ጀርባ አስገባቻቸው። አያ አለነ ብቻ ካሉበት ንቅንቅ አላሉም።

«እኔ አልዞርም። በቅሎዬ ማዶ ናት» አሉ።

እሳቸውን ተወቻቸው። ከበቅሏቸው በቀር የሚያጨበጭቡለት ነገር የለም።

ከዚያ እሷ ራሷ ዞረች።

እናት ሆና ብዙ ነገር ታግሣለች። የሌሊት ትኩሳት፣ የትምህርት ቤት ጥሪ፣ የተዘጋ የመኝታ ቤት በር። ጀርባዋን ሰጥታ መቆም ግን ይህን ያህል ጉልበት ይጠይቃል ብላ አስባ አታውቅም። አንገቷ ደርቆ ያማታል። ፊቷ ያለው ቋጥኝ ላይ ሽበት የመሰለ ሻጋታ አለ፤ እሱን ታያለች። ከኋላዋ የሚሰማት ውሃ ብቻ ነው። በውሃው ውስጥ የሰው ድምፅ ያለ ይመስላትና ትንፋሿን ትይዛለች፤ ውሃ ነው። አንዴ ከማዶ ጩኸት የሰማች መሰላት፤ ተከትሎ ዝም አለ። ብትዞር ያያታል፤ ካያት ይቀጥላል። ባትዞርና ቢወድቅ ደግሞ ከአሁን በኋላ እንዴት አድርጋ ቤቷ እንደምትገባ፣ ለአባቱ ምን ብላ እንደምትነግረው አታውቅም። ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር ብላ ነው? በይበልጣል የነደደችው ንዴት፣ በጫማው፣ በቱናው፣ በመስተዋቱ የተቆጣችው ቁጣ ሁሉ ከውስጧ ወጥቶ ሄዶ፣ ባዶዋን ቀርታ ቋጥኙን ታያለች።

በረዶው ወደ ዝናብ ተለወጠ።

«ልጁ ወጣ» አሉ አያ አለነ።

«በየት በኩል?»

«በገባበት።»

ባለችበት ጭቃው ላይ ቁጭ አለች፤ ልጆቹ እንዳያዩዋት ፊቷን ወደ ቋጥኙ አስጠግታ ቆየች። ከዚያ ተነሥታ በሶ በጠበጠችላቸው። ለልዕልት የእሷን ድርሻ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን አስቀመጠችላት።

ጥቁር ውሃ የጎደለው ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ካለች በኋላ ነው፤ እንደ መጣው ሁሉ ሳያስታውቅ ጎደለ። ወንዙ ሰፋ ከሚልበት ከታች በኩል፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ አያ አለነ በዱላቸው እየመሩ ተሻገሩ። ሽማግሌው ዳር እንደወጡ ማንንም ሳያናግሩ ወደ በቅሏቸው ሄዱ፤ አንገቷን አቅፈው ጆሮዋን ፈተሹ።

ወይንሸት ከቋጥኙ ጀርባ ሆና ለይበልጣል የምትለውን ስታዘጋጅ ነው የዋለችው። መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ ነበረው። እሱ ግን ወደ እሷ ሲመጣ እጆቹን ከደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ብብቱ ውስጥ ወሽቋቸው ነበር። ፊቱ ዛሬ ጠዋት የተላጨው ፊት አይመስልም።

«እጅህን ምን ሆንክ?»

አወጣና አሳያት። መጫኛው የሁለቱንም መዳፎቹን ቆዳ ገፎታል።

«መሐል ላይ ሲደርስ ገመዱ ከእጄ ሊያመልጥ ነበር» አለ። «ወይኒ፣ አምልጦኝ ነበር ማለት ይቻላል።»

«ጠብቁን ብዬህ ነበር።»

«ብለሽኝ ነበር።»

ካዘጋጀችው ንግግር የተረፈው ይህ ብቻ ነበር። ከመድኃኒት ቦርሳዋ ፋሻ አውጥታ እጁን ጠቀለለችለት። ልጅ ይመስል ዘረጋላት።

ወንዴ ከሰው ተለይቶ ትልቁን የሸራ ድንኳን ብቻውን ሊተክል ይታገል ነበር። በአንድ እግሩ ያነክሳል። ስትመጣ አይቶ ወደ ውስጥ ገባ፤ ገና ያልተወጠረው ሸራ ራሱ ላይ ተንጠልጥሏል። ተከትላው ገባች። ውስጡ እርጥብ ሸራና የበቅሎ ላብ ይሸታል።

«ለምን ጠራሽኝ?» አላት፣ ሳያያት።

«መቼ ጠራሁህ?»

ያኔ ዞሮ እጁን አነሣ። መዳፉን ወደ መሬት ደፍቶ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች አደረገው። የእሷ እጅ ነበር። «ተቀመጡ» ብላ እስኪዝላት የወዘወዘችው እጅ። በልጇ እጅ ላይ ስታየው ግን ሌላ ነገር ይላል፤ ሰው ከሩቅ ያለን ሰው «ና» ብሎ የሚጠራው እንደዚሁ ነው። መርካቶ ሻጭ ደንበኛውን፣ እሷም ራሷ ይህንኑ ልጅ፣ ዳዴ ከሚልበት ጀምሮ የጠራችው እንደዚሁ ነው።

«ተቀመጡ ማለቴ ነበር» አለች።

«ና ነው ያልሽው። ይበልጣልም አይቷል። እናትህ ድንኳኑን ፈልጋለች፣ ትጠራሃለች አለኝ። መጣሁ። ስመጣ ትተሽኝ ሄድሽ።»

«ጮኼ ነበር። ተመለስ ብዬ።»

«አይሰማም።»

«ስትስቅ አየሁህ።»

«አዎ ሳቅኩ» አለ። «ምን ላድርግ? ሁሉም እያየኝ።» ከንፈሩን ነከሰ። «ከዚያ እግሬ ድንጋይ መሐል ገባ። ስስበው አልወጣ አለ። ቀና ስል አንድም ሰው የለም። አንቺ የለሽም። አንድ ሽማግሌ ብቻ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን አደርጋለሁ? ድንኳኗን ለቀቅኳት፤ ውሃ ወሰዳት። ጎንበስ ብዬ እግሬን በእጄ አወጣሁት። በአራት እግሬ እየዳኽኩ ተመለስኩ።» የመጨረሻውን ቃል የተፋው እንደ ስድብ ነበር።

ልትለው የምትችለው ነገር ነበራት። ሰው እያየህ ቢሆን አትድኽም ነበር፤ ቆመህ ትሞት ነበር። እውነት ነበር፤ እውነት መሆኑን እሱም ሳያውቀው አይቀርም። ቃሉ አፏ ድረስ መጣ። ነገር ግን ልጇ በውሃው መሐል እግሩ ተይዞ ቀና ሲልና ባዶ ዳር ሲያይ ታያት፤ ጠርታው እንደሄደች አድርጎ ያን ዳር ሲያይ። በዚያ ፊት ትክክል መሆን ምንም የማይፈይድ ነገር ሆነባት።

«እግርህን አሳየኝ» አለች።

«ይቅር።»

«ወንዴ።»

«ይቅር አልኩ እኮ።» ሸራውን ገልጦ ወጣ።

ውስጡ ብቻዋን ቀረች። ከውጭ ይበልጣል ልጆቹን ሲያዛቸው ይሰማል፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ማንም አይስቅም። ልዕልት ለትርንጎ የሆነ ነገር ትነግራታለች። ወይንሸት ልትከተለው ወይም ልትቀመጥ ሳትወስን ቆመች።

«ምሰሶው አዘንብሏል» አለ ወንዴ ከውጭ። ድምፁ አሁንም ኩርፊያ ነው። «ከውስጥ አቅኚልኝ። ካስማውን ልምታ።»

መሐል የቆመውን ምሰሶ በሁለት እጇ ይዛ አቃናችው። ሸራው በመካከላቸው ስለሆነ አታየውም፤ የት በኩል እንዳለ የምታውቀው በሚያነክሰው እግሩ ኮቴ ነው። ካስማውን በድንጋይ መምታት ጀመረ። በመታ ቁጥር ገመዱ ይወጠራል፣ ሸራው ይነሣል፣ ምሰሶው በመዳፏ ውስጥ ይርገበገባል።

«ያዝሽው?»

«ይዤዋለሁ።»

ወደ ሁለተኛው ካስማ ዞረ፤ ወደ ሦስተኛው። ዝናቡ እንደገና ጀመረና ሸራውን መደብደብ ያዘ። ከዚያ ምቱ ቆመ። ኮቴው አይሰማም። እንጨቱን ጠበቅ አድርጋ እንደያዘች፣ ከሸራው ማዶ የሚመጣውን የሚቀጥለውን ምት ጠበቀች።